ከነፋሱ በኋላ የሚመጡ ሰዎች

ጠርጣሪው፦ ስለ ሙያችሁ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የነፋስ ምሕንድስና የምትሉትን ታሪክ ስትተርኩ ምዕራፉ ሁሉ በሬሳ ይጀምራል። ድልድይ ወደቀ፣ ይህን ያህል ሰው አለቀ፣ ከዚያ ተማርን። ከተማ ፈረሰ፣ ከዚያ ተማርን። ጉባኤ ስትቀመጡም የምታሳዩት የፍርስራሽ ፎቶ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ያለውን አይደለም?

መሐንዲሱ፦ ጋሼ፣ ጅቡ ተመልሶ የማይመጣ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበሩ። ነፋስ ግን ይመለሳል፤ ሲመለስም ያንኑ ሰፈር፣ ያንኑ ዓይነት ጣሪያ ያገኛል። በሁለቱ አመጣጥ መካከል ያለው ጊዜ ነው የእኛ ሥራ። ማዕበሉ ባለፈ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ፍርስራሹ ተጠርጎ ሳይነሳ፣ መሐንዲሶች በቡድን ይወጣሉ። የሚያዩት የወደቀውን ብቻ አይደለም፤ አጠገቡ የቆመውንም ነው። ሁለት ቤት በአንድ መንደር፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ነፋስ፤ የአንዱ ጣሪያ ተነቅሏል፣ የሌላው አልተነቀለም። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? ሚስማሩ ነው? እንጨቱ ነው? ወይስ በሩ ቀድሞ ተበርግዶ ነው? ይህን ቤተ ሙከራ ውስጥ ተቀምጦ መመለስ አይቻልም። በነፋስ መፈተኛ ዋሻ ውስጥ የምናስገባው የሕንፃውን ትንሽ ሞዴል ነው፤ ሞዴል ደግሞ በችኮላ የተመታ ሚስማር የለውም።

ጠርጣሪው፦ መልካም። ግን ተማርን የሚል ሰው የተማረውን መያዝ አለበት፤ እናንተ ትረሳላችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልንገርህ። በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ወንዝ ላይ፣ ዊሊንግ በምትባል ከተማ፣ ቻርልስ ኤሌት የሚባል መሐንዲስ በ1849 ከ300 ሜትር በላይ የሚዘረጋ ተንጠልጣይ ድልድይ ሠራ። በጊዜው በዓለም ረጅሙ ነበር። በ1854 ነፋስ መታው፤ ወለሉ እየተጠማዘዘ፣ አንዱ ጎኑ ሲነሳ ሌላው ሲወርድ ቆይቶ ወንዝ ገባ። ያየ ሰው በጋዜጣ ጽፎታል። ከ86 ዓመት በኋላ በዋሽንግተን ግዛት ታኮማ ላይ ያው ነገር ተደገመ። በዘመኑ አሉ ከሚባሉት የድልድይ ሊቃውንት አንዱ፣ ሊዮን ሞይሴፍ፣ የነደፈው ድልድይ ጁላይ 1 ቀን 1940 ተከፍቶ ኖቬምበር 7 ወደቀ። የዚያን ዕለት ነፋስ በሰዓት 67 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ለዚያ አገር ተሰምቶ የማያውቅ ነፋስ አይደለም። የዊሊንግ ትምህርት እነዚያን ሁሉ ዓመታት የት ከርሞ ነው?

መሐንዲሱ፦ በዚህ አልከራከርዎትም። ከዊሊንግ በኋላ ጆን ሮብሊንግ ተምሮ ነበር። በ1855 በናያጋራ ላይ ባቡር የሚያሳልፍ ተንጠልጣይ ድልድይ ሲሠራ ወለሉን በጥልቅ የእንጨት ማጠንከሪያ ያዘው፤ በገመድም ወጠረው። ከእሱ በኋላ የመጡት ግን የረቀቀ የስሌት ዘዴ አገኙ። ስሌቱ ‘ድልድዩ ቀጭን ቢሆንም ሸክሙን ይችላል’ አላቸው። እውነትም ይችላል። ነፋሱን ግን ያ ስሌት የሚያውቀው ከጎን እንደሚገፋ፣ እንደማይለዋወጥ ኃይል አድርጎ ነው። የታኮማ ዋና ወለል 853 ሜትር ተዘርግቶ ስፋቱ 12 ሜትር አይሞላም፤ የጎኑ ድፍን ብረት ቁመት 2.4 ሜትር ብቻ ነው። ወለሉ ጥቂት ሲጠማዘዝ ነፋሱ የሚገፋበት አቅጣጫ ይቀየራል፤ የተቀየረው ግፊት ደግሞ ወለሉን ይበልጥ ይጠመዝዘዋል። እያንዳንዱ መጠማዘዝ ለሚቀጥለው ጉልበት ያቀብለዋል። ድልድዩን የጣለው ይህ በነፋሱና በወለሉ መካከል የተጀመረው መቀባበል ነው፤ የነፋሱ ብርታት ብቻውን አይጥለውም ነበር።

ጠርጣሪው፦ ይህንንም በጊዜው ሊደርስበት የተቃረበ ሰው ነበር። ፋርኳርሰን የሚባል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሞዴሉን ሠርቶ እየፈተሸ ነበር። ከመውደቁ ከቀናት በፊት መፍትሔ አቀረበ፤ የጎኑን ብረት እንብሳው፣ አለዚያም ነፋሱን የሚያሾልክ ሽፋን እንግጠምለት አለ። ድልድዩ አልጠበቀውም።

መሐንዲሱ፦ ከዚያ ወዲያ የሆነውንም ይቁጠሩልኝ። መንግሥት በሾመው መርማሪ ቡድን ውስጥ የበረራ ሊቁ ቴዎዶር ፎን ካርማንና ድልድይ ሠሪው ኦትማር አማን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። እስከዚያ ድረስ ነፋስን የሚያውቁትና ብረትን የሚያውቁት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። የእኛ ሙያ የተወለደው እዚያ አካባቢ ነው ቢባል ብዙ ስህተት አይደለም። ዛሬ ትልቅ ተንጠልጣይ ድልድይ ሞዴሉ በነፋስ ዋሻ ሳይፈተሽ አይሠራም። በ1966 የተከፈተው የእንግሊዙ ሰቨርን ድልድይ ወለሉ ዝርግና ጠርዙ የሾለ የሆነው ነፋሱ ሳይሰናከል እንዲያልፍ ነው። እርስዎ እንዳሉት ሰው ይረሳል። ስለዚህ ለሰው አልተውነውም። በ1963 በእንግሊዝ ቴዲንግተን ላይ ስለ ሕንፃና ነፋስ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ አለን ዳቬንፖርት በካናዳ፣ በዌስተርን ኦንታሪዮ ዩኒቨርሲቲ፣ ሕንፃ የሚቆምበትን ከተማና መሬት ጭምር አስመስሎ የሚፈትሽ የነፋስ ዋሻ አቋቋመ። ነፋስን የመመከት ሥራ ሰንሰለት ነው ይል ነበር፤ የአካባቢው የአየር ጠባይ፣ መሬቱ፣ የሕንፃው ቅርጽ፣ የሕንፃው ንቅናቄ፣ በመጨረሻም ይበቃል አይበቃም የሚባልበት መመዘኛ። አንዱ ቀለበት ከላላ ሌሎቹ ቢጠብቁ ትርጉም የለውም።

ጠርጣሪው፦ ሰንሰለቱን ያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ሰው ሳይሞት የተማራችሁትን አንድ ነገር ጥቀስልኝ።

መሐንዲሱ፦ የፎርዝ ድልድይ። በስኮትላንድ፣ ቤንጃሚን ቤከር ያንን ድልድይ ሲሠራ ኢንችጋርቪ በምትባል ደሴት ላይ የነፋስ ግፊት መለኪያ ሰሌዳዎች ተከለ። አንዱ ሰሌዳ በጣም ሰፊ ነበር፣ 300 ካሬ ጫማ፤ ሌሎቹ አንድ ካሬ ጫማ ተኩል ያህል። በአንድ ነፋስ ውስጥ ቆመው ሳለ በእያንዳንዱ ካሬ ጫማ ላይ ያረፈው ግፊት ሲታይ ትንሹ ከትልቁ የበለጠ መዘገበ። ምክንያቱም ነፋስ በሁሉም ቦታ እኩል አይገፋም። እዚህ ጋ ድንገት ሲያይል እዚያ ጋ ይላላል፤ ትንሿ ሰሌዳ ያየለበትን ቅጽበት ሙሉ በሙሉ ትቀበለዋለች፣ ሰፊው ላይ ግን ይቻቻላል። ዛሬ የአንድ መስኮት መስታወትና የመላው ሕንፃ አጥንት በተለያየ ግፊት የሚሰሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለዚህ ዕውቀት አንድም ሰው አልሞተም።

ጠርጣሪው፦ ቤከር ሰሌዳውን ለምን የተከለ ይመስልሃል? ዲሴምበር 28 ቀን 1879 ማታ፣ እዚያው ስኮትላንድ፣ የቴይ ድልድይ በማዕበል ከነባቡሩ ውሃ ገባ። ከተሳፋሪው በሕይወት የወጣ የለም። ንድፉ የቶማስ ባውች ነበር፤ ለነፋስ ብሎ ለይቶ ያሰላው ነገር እንደሌለ በምርመራው ላይ ታወቀ። ፎርዝንም መጀመሪያ ሊሠራ የተመረጠው እሱ ራሱ ነበር። የቤከር ሰሌዳ የቆመው በእነዚያ ሟቾች ላይ ነው።

መሐንዲሱ፦ እሺ፣ ፌሪብሪጅን ልጥቀስልዎት። ኖቬምበር 1 ቀን 1965 በእንግሊዝ ዮርክሻየር ከስምንት የኃይል ማመንጫ ማቀዝቀዣ ማማዎች ሦስቱ በነፋስ ፈረሱ። እያንዳንዱ ከ110 ሜትር በላይ ነው። ሰው አልሞተም። ማማው በነፋስ ዋሻ ተፈትሾ ነበር፤ የተፈተሸው ግን ለብቻው ቆሞ ነው። በቦታው ስምንት ሆነው ተጠጋግተው ሲቆሙ ነፋሱ በፊተኞቹ መሐል ሾልኮ፣ ታውኮ፣ የኋለኞቹን መታቸው። የወደቁት የኋለኞቹ ናቸው። ስሌቱም የተሠራው በአማካይ የነፋስ ፍጥነት እንጂ ድንገት በሚያይለው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ‘ጎረቤቱ ማን ነው?’ ብሎ መጠየቅ የሥራችን አካል ሆነ። አዲስ አበባ ላይ ረጃጅም ሕንፃዎች ትከሻ ለትከሻ ሲገጥሙ ሳይ ይህን ጥያቄ አስባለሁ።

ጠርጣሪው፦ ፌሪብሪጅ ላይ ሰው ያልሞተው ማማ ውስጥ ሰው ስለማይኖር ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ስመታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ነፋስ የሚጎዳው ሰው ከማማ ሥር አይደለም ያለው፤ ከቆርቆሮ ሥር ነው። ስለ እሱ ምን ተማራችሁ?

መሐንዲሱ፦ እንግዲያው ዳርዊንን ልንገርዎት፤ ነገሩ የእርስዎ ሙያ ነው። ዳርዊን በሰሜን አውስትራሊያ ያለች ከተማ ናት። በ1974 የፈረንጆች ገና ሌሊት ትሬሲ የተባለ ሳይክሎን መጣባት። የአየር ማረፊያው መለኪያ በሰዓት 217 ኪሎ ሜትር ከመዘገበ በኋላ ራሱ ተሰበረ። ሲነጋ አብዛኛው መኖሪያ ቤት ፈርሷል፤ ከ60 በላይ ሰው ሞቷል፤ ከነዋሪው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከከተማው ማስወጣት ግድ ሆነ። መሐንዲስ የነደፋቸው ትልልቅ ሕንፃዎች በአመዛኙ ቆመዋል። የፈረሱት በልምድ የተሠሩት ቤቶች ናቸው። ጆርጅ ዎከር የሚባል መሐንዲስ ፍርስራሹን እንዲያጠና ተላከ።

ጠርጣሪው፦ ጣሪያው ላይ ምን አገኘ?

መሐንዲሱ፦ ማሠሪያው እንጨቱ ላይ እንደተመታ ቀርቷል፤ ቆርቆሮው የለም። የተገኘው ቆርቆሮ ሲታይ ደግሞ ቀዳዳው ዙሪያ ስንጥቅ አለ። ያ ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ተፈትኖ ያለፈ ነው፤ ሸክም ተጭኖበት ችሏል። የተጫነበት ግን አንድ ጊዜ ነው። ሳይክሎን ለሰዓታት ጣሪያውን ያነሳዋል፣ ይለቀዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ቆይቶ እንደሚበጠስ፣ በማሠሪያው ራስ ዙሪያ ያለው ስስ ብረት ዛለና ተሰነጠቀ። አንዱ ቦታ ሲለቅ ሸክሙ ወደሚቀጥለው ማሠሪያ ይዛወራል፤ እሱም አስቀድሞ የዛለ ነው። እንዲህ እያለ ረድፉ በሙሉ ይሄዳል።

ጠርጣሪው፦ ይህን እኔም አይቻለሁ። ጣሪያ ከዳር ከጀመረ አይቆምም። ነገር ግን ብዙ ሰው ነፋስ ጣሪያን የሚጫነው ይመስለዋል።

መሐንዲሱ፦ ይስበዋል እንጂ። ነፋሱ የጣሪያውን ጠርዝ ዞሮ ሲያልፍ ከላይ ያለው የአየር ግፊት ይወርዳል፤ ስለዚህ ጣሪያው ወደ ላይ ይሳባል፤ ከሁሉ የሚበረታውም በዳሩና በማዕዘኑ ላይ ነው። ከዚያ የበረረ ቆርቆሮ የጎረቤትን መስኮት ይሰብራል። ነፋሱ ቤት ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ከውስጥ ሽቅብ ይገፋዋል። በዳርዊን የሆነው ይህ ነው፤ ከላይ ሲሳብ ከታች ተገፋ። ቤቱን አጠንክሮ የሠራ ሰው እንኳ በጎረቤቱ ደካማ ጣሪያ ምክንያት ቤቱን አጣ።

ጠርጣሪው፦ ይህ ከታወቀ በኋላስ?

መሐንዲሱ፦ ቆርቆሮና ማሠሪያው 10,000 ጊዜ ሸክም እየተጫነበትና እየተለቀቀ እንዲፈተሽ ተወሰነ። በ1977 በታውንስቪል፣ በጄምስ ኩክ ዩኒቨርሲቲ፣ የሳይክሎን መፈተኛ ጣቢያ ተቋቋመ። መኖሪያ ቤትም እንደ ትልቅ ሕንፃ ይሰላ ተባለ፤ ክዳኑ ከማገሩ፣ ማገሩ ከወራጁ፣ ወራጁ ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከመሠረቱ ሳይቋረጥ ይታሰር። ጣቢያው እስከ ዛሬ ከባድ ሳይክሎን ሲያልፍ ባለሙያ ይልካል። በ2006 ላሪ፣ በ2011 ያሲ የተባሉት ሳይክሎኖች ኩዊንስላንድን ሲመቱ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተሠሩት ቤቶች ከቀደሙት እጅግ በተሻለ ቆመዋል። ጋሼ፣ ይህ የውሻ ጩኸት አይደለም። ጅቡ ሁለተኛ ሲመጣ በሩ ተዘግቶ ጠብቆታል።

ጠርጣሪው፦ ይህንን አልክድም። ግን አውስትራሊያ ሀብታም አገር ናት፤ ከተማ ሲፈርስባት ሕዝቡን የምታወጣበት አውሮፕላን፣ መልሳ የምትሠራበት ገንዘብ አላት። ወደ ቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ና። በ1970 የቦላ ሳይክሎን በዛሬዋ ባንግላዴሽ ቢያንስ 300,000 ሰው ፈጀ። የ1991 ሳይክሎን 138,000 ያህል። በ2007 ሲድር የተባለው ኃይለኛ ሳይክሎን ሲመጣ የሞተው 3,400 ገደማ ነው። ቁጥሩን ማን አወረደው? ከ1970 እልቂት በኋላ የተደራጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ድምፅ ማጉያ ይዘው መንደር ለመንደር እየዞሩ ‘ውጡ’ ያሉት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው እንጂ የነፋስ ዋሻችሁ አይደለም።

መሐንዲሱ፦ ሰው ‘ውጣ’ ሲባል ወዴት ወጣ? ውሃው ከሥሩ እንዲያልፍ በምሰሶ ላይ ወደቆመ የኮንክሪት መጠለያ። መጠለያው ባይኖር ድምፅ ማጉያው ሰውን ሜዳ ላይ ያስቀረዋል። ድምፅ ማጉያው ባይኖር ደግሞ መጠለያው ባዶውን ይቆም ነበር። እዚያ አብዛኛውን ሰው የፈጀው ነፋሱ የገፋው የባሕር ውሃ መሆኑም አይረሳ። እኔ ድርሻችንን አላጋንንም፤ ድርሻ የለም የሚለውን ግን አልቀበልም።

ጠርጣሪው፦ ዓይናችሁ ምን ያህል እንደሚያይ ደግሞ ፖርቶ ሪኮ ላይ ታይቷል። ሴፕቴምበር 2017 ማሪያ የተባለው ሃሪኬን አለፈ። መንግሥት መጀመሪያ የሞተው 64 ነው አለ። በኋላ በተደረገ ጥናት 2,975 ሆነ፤ መንግሥትም ተቀበለው። ልዩነቱን አየኸው? ብዙዎቹ ጣሪያ ወድቆባቸው አይደለም የሞቱት። መብራት ለወራት ጠፍቶ ነው፤ መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ፣ ኦክስጅን የሚያንቀሳቅስ፣ ኩላሊት የሚያጥብ ነገር ጠፍቶ ነው። የእናንተ ቡድን ፎቶ የሚያነሳው የተነቀለ ጣሪያ ነው። ቤታቸው ሳይነካ የሞቱትን አሮጊት በየትኛው ፎቶ ታሳየኛለህ?

መሐንዲሱ፦ ከተናገሩት ሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። የመብራት ምሰሶና የኃይል ማስተላለፊያ ማማም ነፋስ የሚጥለው ግንባታ ነው፤ ስለዚህ ከሙያችን ውጭ አይደለም። ለረጅም ጊዜ ግን ሕንፃን አንድ በአንድ እየለየን ስናይ ቆይተናል። አንድ ሆስፒታል ቆሞ መብራት ከሌለው ለታማሚው ቆሟል ማለት አይቻልም። ይህን ሙያው አምኖ ተቀብሏል፤ መልሱን ግን ገና አልጨረሰም።

ጠርጣሪው፦ እንዲህ ስትመልስልኝ ደስ ይለኛል። ብዙውን ጊዜ የምሰማው ግን ‘ነፋሱ ከአቅም በላይ ነበር’ የሚል ነው። ሹሙም፣ ሥራ ተቋራጩም፣ አንዳንዴ መሐንዲሱም ከዚያ ጀርባ ይደበቃል።

መሐንዲሱ፦ ያንን መደበቂያ ያፈረሰው ከነፋስ በኋላ ፍርስራሹን የምንዳስሰው ሥራ ነው። ቴድ ፉጂታ በ1971 ቶርኔዶን በጥፋቱ የሚመዝን መለኪያ አወጣ። የመጨረሻው ደረጃ በሰዓት ከ420 ኪሎ ሜትር ይጀምራል። እንዲህ ያለ ነፋስ ከሆነ ማንም መሐንዲስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ነገር ግን በ1970 ቶርኔዶ የቴክሳሷን ላቦክ ሲመታ የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ፍርስራሹን አገላብጠው አይተው ነበር። ቤቶቹ ለመፍረስ ያን ያህል ነፋስ እንደማያስፈልጋቸው አወቁ፤ ማሠሪያቸው ደካማ ነበር። ከብዙ ዓመት ጥናት በኋላ በ2007 መለኪያው ተሻሻለ፤ የመጨረሻው ደረጃ መነሻ ወደ 322 ኪሎ ሜትር ወረደ። አብዛኛው የቶርኔዶ ጥፋት ደግሞ ከዚያ በእጅጉ በሚያንስ ነፋስ የሚደርስ ነው። በ2011 ጆፕሊን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ከ150 በላይ ሰው በቶርኔዶ ከሞተ በኋላም የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር በ2022 የደንብ እትሙ ለሆስፒታልና ለትልልቅ ትምህርት ቤቶች የቶርኔዶ ጭነት እንዲሰላ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘዘ። ‘ከአቅም በላይ’ የሚባለው ክልል እየጠበበ ነው የመጣው።

ጠርጣሪው፦ አሁን ያቆየሁትን ሰንሰለት አምጣው። አምስት ቀለበት ቆጠርክ። ስድስተኛው የታል? አናጢው። በ1992 አንድሩ የተባለው ሃሪኬን ደቡብ ፍሎሪዳን ሲያፈርስ የዚያ አካባቢ የሕንፃ ሕግ በአሜሪካ ከጠንካሮቹ አንዱ ይባል ነበር። ጣሪያው ሲበተን ምን ተገኘ? ጣውላውን ለመያዝ የተመታው ማያያዣ ወራጁን ስቶ አየር ላይ ተሰክቷል። ሕጉ ጠንካራ፣ ወረቀቱ ጠንካራ፣ ጣሪያው የተያዘው በምንም። ተቆጣጣሪውም አልፎታል።

መሐንዲሱ፦ ልክ ነዎት፤ ከአንድሩ የተገኘው ትልቁ ትምህርትም ይኸው ነው። ደንቡ በ1994 ተጠናከረ፤ በ2002 መላው ፍሎሪዳ በአንድ የሕንፃ ሕግ ሥር ገባ። ነፋስ በሚበረታበት አካባቢ የሚገጠም መስኮት 4 ኪሎ የሚመዝን የእንጨት ዘንግ በሰከንድ 15 ሜትር ተወርውሮበት መቻል አለበት። ቁጥጥሩም ጠበቀ።

ጠርጣሪው፦ ስህተት ሲገኝ ደግሞ አትደባብቁትም? የኒው ዮርኩ ሲቲኮርፕ፣ 59 ፎቅ፣ በ1977 ተመረቀ። በማግስቱ ዓመት ዋና መሐንዲሱ ዊልያም ለሜዠሪየር ነፋሱ በማዕዘን በኩል ሲመጣ ያለውን ጫና መልሶ አሰላ፤ በብየዳ ይያያዛል የተባለው ብረትም በቡሎን እንደተያያዘ አወቀ። በያጆች ሌሊት ሌሊት እየገቡ አጠነከሩት። ሕዝቡ ጉዳዩን የሰማው በ1995 ነው።

መሐንዲሱ፦ አደጋውን ራሱ ተናግሮ ማስጠገኑ ያስከብረዋል። ዝምታው ግን ጥፋት ነበር፤ በእነዚያ 17 ዓመታት ሌሎች መሐንዲሶች ከዚያ ሕንፃ ሊማሩ የሚገባቸውን አልተማሩም። ጉባኤና የጋራ ዳሰሳ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የአንዱ ስህተት ለሌላው እንዲደርስ።

ጠርጣሪው፦ እንግዲያው ወደ ቤታችን እንግባ። በፈረንጆቹ 1995 በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስታንዳርድ መነሻው የነፋስ ፍጥነት በሰከንድ 22 ሜትር ነበር። ለንግድ ባንክ 209 ሜትር ሕንፃ ነፋስ ተሰልቷል፤ ጥሩ። የገጠር ትምህርት ቤት ክዳን ሲመታስ ማን ያሰላል? በየዓመቱ በዜና የምንሰማው ‘ከባድ ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ይህን ያህል ቤት አፈረሰ’ የሚል ነው። ቁጥሩ ይነገራል፣ ድጋፍ ይጠየቃል፣ ያው ቆርቆሮ ተቃንቶ በዚያው ሚስማር ይመለሳል። ‘ከየት ለቀቀ?’ ብሎ የሚጠይቅ አይመጣም። ዳርዊን ሳይክሎን ነው፤ እኛ ዘንድ ግን የአንድ ከሰዓት ነፋስ ይበቃዋል።

መሐንዲሱ፦ እንግዲያው ጠያቂው እርስዎ ይሁኑ። ጣሪያ የተነሳበት ቤት ቢወስዱኝ መጀመሪያ ምን ያሳዩኛል?

ጠርጣሪው፦ ሚስማሩን። ሚስማሩ ከነቆርቆሮው ከእንጨቱ ከወጣ፣ ባሕር ዛፉ እርጥብ ሳለ ነው የተመታው፤ ሲደርቅ ቀዳዳው ላልቷል። ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ቀርቶ ቆርቆሮው ተቀዶ ከሄደ፣ ወይ ቆርቆሮው ስስ ነው ወይ ሚስማሮቹ ተራርቀዋል። ማገሩም አብሮ ከሄደ፣ ማገሩ ከወራጁ ጋር የተያዘው በአንድ ሚስማር ነው ማለት ነው። ጣሪያው በሙሉ እንደ ተሠራ ተነስቶ ማሳ ላይ ከተገኘ ደግሞ ወራጁ ከግድግዳው ጋር አልታሰረም፤ በራሱ ክብደት ብቻ ነበር የተቀመጠው። ለዚህ ጥቂት ክንድ ፌሮ ወይም ወፍራም ሽቦ ይበቃ ነበር።

መሐንዲሱ፦ አሁን የነገሩኝ ዎከር በዳርዊን የሠራውን ሥራ ነው። አራት ዓይነት አወዳደቅ፣ አራት ዓይነት መፍትሔ። ሁሉንም ‘ነፋስ አፈረሰው’ ብለን ስንመዘግብ አራቱም ይጠፋሉ፤ ቤቱን መልሶ የሚሠራውም ሰው ገንዘቡን የት ላይ ማዋል እንዳለበት ሳያውቅ ይቀራል። ስስ ቆርቆሮ የገዛው አቅም ስለሌለው ነው፤ ወፍራም ግዛ ማለት ምክር አይሆነውም። በዳሩና በማዕዘኑ ላይ ሚስማሩን አቀራርብ፣ ወራጁን በሽቦ እሰር ማለት ግን ይሆነዋል። የቀበሌው መዝገብ ላይ ከፈረሰው ቤት ቁጥር አጠገብ ‘ከየት ለቀቀ?’ የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ለዚያ የነፋስ ዋሻ አያስፈልግም።

ጠርጣሪው፦ መዝገቡን አናጢ ያንብበው ወይስ መደርደሪያ ላይ ይቅር? እኔን እስከ ዛሬ ‘ምን አየህ?’ ብሎ የጠየቀኝ መሐንዲስ አንተ ብቻ ነህ።

መሐንዲሱ፦ በዚህ ክረምት ጣሪያው የተነሳበት ሰው ፍርስራሹን ሳያነሳ በስልኩ አራት ፎቶ ያንሳ፤ የሚስማሩን ቀዳዳ፣ ማገሩን፣ ወራጁን፣ ግድግዳው አናት ላይ ያለውን መጋጠሚያ። ቀርቦ ያንሳ። በአቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ የሲቪል ምሕንድስና ትምህርት ክፍል ይላከው።

ጠርጣሪው፦ ትምህርት ክፍሉም ተቀብሎ ይመልስለት፤ ጣሪያውን ለሚመታው አናጢ በሚገባ ቋንቋ፣ ቤቱ መልሶ ከመከደኑ በፊት። ያ መልስ ሲደርስ እስካላየሁ ድረስ ከጥርጣሬዬ አልወርድም።